አራሚውና የሽጉጥ መብታቸው

ከሦስት በላይ ሐበሻ በሚኖርበት ከተማ ሁሉ አንድ አራሚ አለ። ዕድሩ ሳይቋቋም፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቦታ ሳያገኝ፣ የመጀመሪያው ምግብ ቤት ሳይከፈት እሱ ቀድሞ ደርሶ ይጠብቃል። ማን እንደሾመው አይታወቅም። ደመወዝ የለውም፣ ዕረፍት አይወጣም፣ ጡረታም አይደርሰውም። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ እናንተ በተሳሳታችሁ ቁጥር አጠገባችሁ መገኘት።

የእኛ አራሚ ጋሽ ብርሃነመስቀል ይባላሉ። ቤታቸው አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ አካባቢ ነው፤ ግዛታቸው ግን ከሄርንደን እስከ ሮክቪል ይደርሳል። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ፣ በወንዝና በስቴት ድንበር ተከልዬ እንኳ አላመለጥኳቸውም። አዲስ አበባ ሳሉ በአንድ ማተሚያ ቤት የእውነት አራሚ ነበሩ፤ በደመወዝ፣ በቀይ እስክሪብቶ። በዲቪ ወደዚህ ሲመጡ ሥራው ለቀቃቸው እንጂ እሳቸው ሥራውን አልለቀቁም።

ሁልጊዜ የሚጀምሩት "ይቅርታ፣ አንድ ማረሚያ" ብለው ነው። አንድ ጣታቸውን ትንሽ ከፍ ያደርጋሉ። ድምፃቸው ትሑት ነው፤ ሰው የጠሩ እንጂ የሚያርሙ አይመስሉም። ይቅርታው ግን ለጨዋነት ያህል ነው፤ ማረሚያውም አንድ ሆኖ አያውቅም።

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ንጉሡ የሚባል ወዳጄ ምግብ ቤት አለው። አንድ ቀን ጋሽ ብርሃነመስቀልን ምሳ ጋበዝኳቸው። ሜኑው ላይ ቋንጣ ፍርፍር "ኳንጣ" ተብሎ ታትሟል። እስክሪብቷቸውን አወጡ። የራሳቸውን ሜኑ አርመው ሲጨርሱ የእኔን ተቀበሉኝ፤ ከዚያ የጎረቤት ጠረጴዛውን ሜኑ ተዋሱ። ምግብ ያዘዝነው የቤቱ ሜኑ ሁሉ ከታረመ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ንጉሡ፣ ጋሽ ብርሃነመስቀል በር ላይ ብቅ ሲሉ ሜኑዎቹን ሰብስቦ ባንኮኒው ሥር ይደብቅና ያለውን ምግብ በቃሉ ይዘረዝራል።

አንድ ወዳጃችንን ስንቀብር ደግሞ የሕይወት ታሪክ አንባቢው "በ1998 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ መጥቶ" ብሎ ሲያነብ፣ ከሐዘንተኛው መሐል ያቺ ጣት ከፍ አለች። "ይቅርታ፣ አንድ ማረሚያ። እሱ በፈረንጆቹ ነው። በእኛ 1990 ነው።" ቄሱ መሬት መሬት አዩ። አንባቢው አስተካክሎ ቀጠለ። በዚያች ማረሚያ ሟቹ አሜሪካ ውስጥ ስምንት ዓመት ተጨመረለት። ከሞተ በኋላ ዕድሜ የተጨመረለት ሰው ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

የሠርግ ጥሪ ከላካችሁላቸው፣ በንጉሡ "ሠ" ይሁን በእሳቱ "ሰ" መጻፉን ሳያዩ የት አዳራሽ እንደሆነ አያነቡም። ልጆች "ጋሼ፣ ኮል አደርግልዎታለሁ" ሲሏቸው "እደውልልዎታለሁ" እስኪሉ ድረስ ስልክ ቁጥራቸውን አይሰጡም። ለእኔ ቅዳሜ ጠዋት ይደውሉልኛል። በሳምንቱ ለአንባቢ የጻፍኩትን ጽሑፍ ይዘው፣ ወደዱት ወይስ ጠሉት ሳይሉ፣ ስህተቱን ብቻ ከላይ እስከ ታች ነግረውኝ፣ ለባለቤቴ ሰላምታ አቅርበው ይዘጋሉ። ስልኬ ላይ ስማቸውን ሳይ ልቤ የሚመታው አበዳሪዬን ሳይ ከሚመታው በላይ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ሰውየውን እንድታውቁልኝ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ግን አያስቅም።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ጋሽ ብርሃነመስቀል ሄርንደን ውስጥ በአንድ ትልቅ የቢሮ ሕንፃ የታጠቁ ጥበቃ ነበሩ። ፈቃድ ነበራቸው፣ የራሳቸው ሽጉጥ ነበራቸው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መግቢያው ላይ ወንበር ነበራቸው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባለቤታቸው እትዬ ብሩክታይት ሥራ ሄደው ሳለ፣ ሽጉጡን ሊወለውሉ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ካዝናውን አወጡ። ሽጉጡ የጎረሳትን አንዷን ጥይት ግን ረሱ። በሰው ጽሑፍ ላይ አንዲት ነጥብ የማታመልጣቸው ሰውዬ፣ ያቺ አመለጠቻቸው።

ጥይቷ ግድግዳውን በስታ ጎረቤት ገባች። ጎረቤታቸው ይርጋለም ትባላለች፤ ያን ጊዜ ብቻዋን ሕፃን ልጅ የምታሳድግ ወጣት ሴት ነበረች። ልጇ ፀደንያ ግድግዳው ሥር አልጋዋ ላይ ተኝታ ነበር። ጥይቷ ከሕፃኗ ስንዝር ያህል ከፍ ብላ አልፋ ማዶ ያለው ግድግዳ ውስጥ ቀረች። ልጅቷ ከእንቅልፏ የነቃችው በእናቷ ጩኸት ነው።

ጋሽ ብርሃነመስቀል በባዶ እግራቸው ሮጠው የይርጋለምን በር ደበደቡ። ልጅቷ ደህና መሆኗን በዓይናቸው ሲያዩ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ፤ ፖሊስም ራሳቸው ጠሩ። የመጣው ፖሊስ ስማቸውን ሲጽፍ ሁለት ፊደል ዘለለ። እጃቸው በካቴና ታስሮ ሳለ ስሙን ፊደል በፊደል እየጠሩ አስተካከሉለት። በዚህ አገር የወንጀል መዝገብ ውስጥ ስሙ ያለ አንዳች ስህተት የሰፈረ ሐበሻ ቢኖር እሳቸው ናቸው።

ክሱን አልተከራከሩም። አድርገዋል ወይ ተባሉ፤ አዎ አሉ። ማንም ስላልተጎዳ እስራቱ በገደብ ሆነላቸው። አራሚው ማረሚያ ቤት ገብተው ታራሚ ሊሆኑ ነበር ብለን ከኋላቸው የቀለድንበት ጊዜ አለ፤ ፊታቸው ግን አልደፈርንም። ወንጀሉ ፌሎኒ የሚሉት ከባድ ወንጀል ስለሆነ የመምረጥ መብታቸው ተነሳ፤ መሣሪያ የመያዝ መብታቸውም አብሮ ሄደ። የሄርንደኑ ወንበርም እንዲሁ።

ከዚያ ወዲህ ላንድማርክ አጠገብ ባለ አንድ ገበያ በር ላይ ያልታጠቁ ጥበቃ ሆኑ። ቆመው ነው የሚውሉት። መቀመጥ አይፈቀድም፤ የተቀመጠ ጥበቃ ሌባ አያስፈራም ይባላል። ስድሳ ዓመት ያለፈው ጉልበት ቆሞ ሲውል ምን እንደሚሆን ጉልበታቸው ነገራቸው እንጂ እሳቸው ለማንም አልተናገሩም።

ይርጋለምን ግን አልተዋትም። ሥራ ስትገባ ልጇን ከትምህርት ቤት አመጡላት። መንጃ ፈቃድ እስክታወጣ እየነዱ አደረሷት። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትዛወር ፍሪጁን ከእኔ ጋር የተሸከሙት እሳቸው ናቸው፤ ደረጃው ላይ "ቀስ በል" ስላቸው "ቀስ ይበሉ" ብለው አርመውኛል። ፀደንያ ከፍ ስትል ፊደል አስቆጠሯት። የስሟ አጻጻፍ በጸሎቱ "ጸ" መሆን እንደነበረበትም ለእናቷ በየዓመቱ ያስታውሷታል። ልጅቷ በእንግሊዝኛ ትመልስላቸዋለች፣ እሳቸው በአማርኛ ይቀጥላሉ፣ ሁለቱም ይግባባሉ። ከውጭ ለሚያይ ሰው አያትና የልጅ ልጅ ነበር የሚመስሉት።

የመምረጥ መብታቸውን የስቴቱ ገዥ ከዓመታት በኋላ መለሱላቸው። የመሣሪያው መብት ግን በዚህ አይመለስም፤ ለብቻው ዳኛ ፊት ቀርቦ መጠየቅ አለበት። ጋሽ ብርሃነመስቀል አልጠየቁም ነበር። ሽጉጥ ማየት አይፈልጉም፤ መጫወቻ ሽጉጥ የያዘ ሕፃን ሲመጣ እንኳ መንገድ ይሻገራሉ።

ባለፈው ዓመት ግን ሁለት ነገር ተገናኘ። እትዬ ብሩክታይት ታመው ሥራ አቆሙ፤ የሕክምና ኢንሹራንስ የሚሉት ነገርም እንደ ጠበል የሚፈለግ ሆነ። በዚያው ሰሞን የድሮ አለቃቸው ደውሎ፣ የሄርንደኑ ቦታ ክፍት መሆኑን፣ ኢንሹራንስም እንዳለው ነገራቸው። ቦታው የታጠቀ ሰው ይፈልጋል። እንግዲህ ነገሩን አስቡት። እሳቸው የፈለጉት ወንበሩን ነው። ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ ግን ሽጉጥ መታጠቅ ግድ ነው።

ማቲያስ የሚባል ጠበቃ ያዝን። እዚሁ የተወለደ፣ ጎበዝና ትሑት ልጅ ነው፤ አማርኛው ግን በየሁለት ቃሉ ይሰናከላል። ጋሽ ብርሃነመስቀልን ሲያዘጋጃቸው፣ "ጋሼ፣ ጀጇ ክዌስችን ስትጠይቅዎት ሾርት አንሰር ብቻ" አላቸው። "ዳኛዋ ጥያቄ ሲጠይቁኝ አጭር መልስ ብቻ" ብለው አስተካክለው መለሱለት። ልጁ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና፣ ሳይጠየቁ አንድም ቃል እንዳይተነፍሱ ለመናቸው። ቃል ገቡለት።

ማቲያስ ጥሩ ምስክር ያስፈልገናል አለ። ከይርጋለም የተሻለ ማን አለ? ጥይቷ የገባችው እሷ ቤት ነው፤ እሷ ይቅር ካለች ዳኛዋ ምን ይላሉ? ነገሩን ጀምረን ሳንጨርስ እሺ አለች። እሷን ከሲልቨር ስፕሪንግ ይዞ መምጣት የእኔ ድርሻ ሆነ።

የቀጠሮው ጠዋት በቤልትዌይ ቀለበት መንገድ ስንሄድ ዊልሰን ድልድይ ላይ ትራፊኩ ቆመ። እዚያ ላይ ነው ይርጋለም የጠየቀችኝ።

"ስለ ሽጉጡ ከጠየቁኝስ?"

አይጠይቁሽም አልኳት። ደግ ሰው መሆናቸውን ብቻ ተናገሪ፤ ሌላው የጠበቃው ሥራ ነው አልኳት። በማላውቀው ነገር ላይ ምክር ስሰጥ ድምፄ በጣም ያምራል። ራሷን ነቀነቀችና ወደ ወንዙ ዞረች።

ችሎቱ ትንሽ ነበር። ዳኛዋ ሽበታቸውን ወደ ኋላ ያሰሩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። ጋሽ ብርሃነመስቀል ለልጅ ሠርግ የሚለበስ ዓይነት ሱፍ ለብሰው ማቲያስ አጠገብ ተቀመጡ። እኔና እትዬ ብሩክታይት ከኋላ ነን። ጋሽ ብርሃነመስቀል ሲጠየቁ በእንግሊዝኛ መለሱ፤ መልሳቸውም አጭር ነበር። ማቲያስ ትከሻው ሲወርድ ከኋላ አየሁት። ነገሩ መልካም እየሄደ ነበር።

ከዚያ ይርጋለም ቃለ መሐላ ፈጽማ ተቀመጠች። እንግሊዝኛዋ ለሥራ ይበቃታል፤ ፍርድ ቤት ግን ፈራች፤ ስለዚህ አስተርጓሚ ተሰጣት። የእኛው ሰው ነው፣ ጎልማሳ፣ ጨዋ። ለማቲያስ ጥያቄዎች ስትመልስ ጋሽ ብርሃነመስቀል ያደረጉላትን ሁሉ ተናገረች፤ ትምህርት ቤቱን፣ መኪናውን፣ ፊደሉን። እትዬ ብሩክታይት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አነቡ። ዳኛዋም ብዕራቸውን አስቀምጠው ያዳምጡ ነበር።

ዓቃቤ ሕጉ ወጣት ነው፤ ክፉም አይመስልም። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ አለ። እኚህ ሰው እንደገና ሽጉጥ ኖሯቸው ከግድግዳሽ ማዶ ቢኖሩ፣ ልጅሽን እዚያ ግድግዳ ሥር ታስተኛለሽ? ሲል ጠየቃት።

ይርጋለም መጀመሪያ ጋሽ ብርሃነመስቀልን አየቻቸው። ከዚያ እጇን አየች።

"እሳቸውን እወዳቸዋለሁ። እንደ አባቴ ናቸው" አለች። "ሽጉጡን ግን እፈራለሁ። እስከ ዛሬ ልጄን ግድግዳ አስጠግቼ አስተኝቼ አላውቅም። ቤት ስቀይር መጀመሪያ የምጠይቀው ከግድግዳው ማዶ ማን እንዳለ ነው።"

ክፍሉ ውስጥ አማርኛ የምንሰማ ሰዎች ሁሉ ደረቅን። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሽ ብርሃነመስቀልን አያቸው፤ የእትዬ ብሩክታይትን ነጠላ አየ። ከዚያ በለሰለሰ እንግሊዝኛ፣ ምስክሯ አመልካቹን እንደ አባቷ እንደምታያቸው፣ ስለ መሣሪያው በጠቅላላው ጥቂት ሥጋት ቢኖራትም በእሳቸው ላይ እምነት እንዳላት ተረጎመ።

ገባኝ። ይሉኝታ ያዘው። በሙያው ነውር ነው፤ ሰው ሆኖ ግን አዘነልን። ከኋላ ተቀምጬ በልቤ መረቅሁት። ዓቃቤ ሕጉ ወረቀቱን ሰበሰበ። ዳኛዋ ብዕራቸውን አነሱ። ነገሩ አለቀ።

ያቺ ጣት ከፍ አለች።

ማቲያስ እጅጌያቸውን ያዘ። እሳቸው ግን ቆመው ነበር። በእንግሊዝኛ፣ በዚያው በትሑት ድምፃቸው፣ "ይቅርታ፣ ክብርት ዳኛ፣ አንድ ማረሚያ" አሉ። "ምስክሯ ሥጋት አላለችም። እፈራለሁ ነው ያለችው። ልጇንም እስከ ዛሬ ከግድግዳ አርቃ እንደምታስተኛ ተናግራለች። እሱ አልተተረጎመም።"

ማቲያስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ዳኛዋ ወደ አስተርጓሚው ዞረው እውነት ነው ወይ ሲሉ ጠየቁት። ላቡን ጠርጎ እውነት መሆኑን አመነ፤ ያለችውንም ቃል በቃል ደግሞ ተረጎመ። ዳኛዋ ጋሽ ብርሃነመስቀልን ጠየቋቸው።

"ይህ ጉዳይዎን እንደሚጎዳው ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ" አሉ። አጭር መልስ ነበር። እዚያ ላይ ቢቆሙ ጥሩ ነበር፤ አልቆሙም። "እንደምትፈራ ግን አላውቅም ነበር። ዛሬ ነው የሰማሁት። የተናገረችው በትክክል ይመዝገብላት።"

ዳኛዋ ውሳኔያቸውን እዚያው ሰጡ። በዳኝነት ዘመናቸው እንዲህ ያለ ሐቀኛ አመልካች ብዙ እንዳላዩ ተናገሩ። ነገር ግን መመዘን ያለባቸው የአመልካቹን ሐቀኝነት ብቻ እንዳልሆነ፣ የተጎዳችው እናት አሁንም በፍርሃት እንደምትኖር ከራሷ አንደበት እንደሰሙ ገለጹ። ማመልከቻው ተቀባይነት አላገኘም። ወደፊት እንደገና ማመልከት እንደሚችሉም ነገሯቸው። ጋሽ ብርሃነመስቀል አመስግነው ጎንበስ አሉ።

ኮሪደሩ ላይ ይርጋለም ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅስ ነበር። ማቲያስ ልጅ ነውና ተናደደ፤ ቃል ገብተውልኝ አልነበር ወይ አላቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አማርኛው ሳይሰናከል። ጋሽ ብርሃነመስቀል ትከሻውን መታ መታ አደረጉትና ወደ እሷ ሄዱ።

"ለምን ዝም አላሉም?" አለቻቸው። "አስተርጓሚው አስተካክሎልን ነበር እኮ።"

"የፀደንያ አልጋ ነው" አሉ። "በሱ ላይ እንዴት ዝም ይባላል?" ከዚያ "አልነገርሽኝም" አሏት።

"ምን ብዬ ልንገርዎ? ልጄን ከትምህርት ቤት ይዘውልኝ ሲመጡ ነው የምነግርዎ?"

እትዬ ብሩክታይት መጥተው ይርጋለምን አቀፏት፤ ባልየውን ግን አላዩም። በሽታው የእሳቸው ነው፤ ኢንሹራንሱም የእሳቸው ነበር። ያን ቀን መናገር የሚገባቸውን ሁሉ ሳይናገሩ ወጡ።

በመጣው ቅዳሜ ስልኬ አልጮኸም። መጀመሪያ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። በሁለተኛው ቅዳሜ ጽሑፌን እኔው ራሴ መልሼ አነበብኩ፤ ሁለት ስህተት አገኘሁ፤ አራት እንደሚኖር ግን እርግጠኛ ነበርኩ። ንጉሡ ደውሎ፣ ጋሽ ብርሃነመስቀል ብቻቸውን መጥተው እንደበሉ፣ ሜኑውን ሳይደብቅ ጠረጴዛው ላይ ቢተውላቸውም እንዳልገለጡት ነገረኝ። ድምፁ የታመመ ሰው ጠይቆ የተመለሰ ሰው ድምፅ ነበር።

ከዚያ እትዬ ብሩክታይት ደወሉ። በእርግጥ መጀመሪያ ተቀይመው ነበር፤ አሁን ግን ቅያሜው በፍርሃት ተተክቷል። ቴሌቪዥኑ ላይ ዜና አንባቢው እንዳሻው ሲሳሳት ዝም ብለው ያያሉ አሉኝ። "እባክህ ሄደህ አናግርልኝ። እኔን ይቅርታ ብቻ ነው የሚለኝ።"

አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ገበያው ሄድኩ። በሩ ላይ ቆመዋል። ዩኒፎርሙ ሰፍቷቸዋል። ሰው ሲገባ አንዱን እግር ያሳርፋሉ፣ ሲወጣ ሌላውን። በሩ አጠገብ አንድ ማስታወቂያ በአማርኛ ተለጥፏል፤ ከሩቅ ሳየው እንኳ ሦስት ስህተት አለበት። ጀርባቸውን ሰጥተውታል።

አብሬያቸው ቆምኩ። ማቲያስ ንዴቱ በርዶለት ደውሎ እንደነበር፣ ዓመት ቆይተን እንደገና እንሞክር እንዳላቸው ነገሩኝ።

"እርስዎስ ምን አሉት?"

"ተው አልኩት።" አንዲት ሴት ጋሪዋን እየገፋች እስክታልፍ ጠበቁ። "አሥራ ሁለት ዓመት የይርጋለምን ፊት ሳነብ ኖሬ አንዲቷን ነገር አላየኋትም። ያለፈ መስሎኝ ነበር። እሷ የምትፈራ ከሆነ ዳኛዋ ትክክል ናቸው። ትክክል የሆነውን ነገር ምን ብዬ ላርመው?"

ስለ እትዬ ብሩክታይት ሕክምና ጠየቅኳቸው። ዕድሩ ይረዳናል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ይረዳናል፣ ብዙ ሰው አለን አልኳቸው። እግዜር ይስጥልኝ አሉኝ። እንደማያምኑኝ ሁለታችንም እናውቃለን። ማጽናናት አልችልበትም፤ እሳቸው ደግሞ መጽናናት አይችሉበትም።

ሰዓታቸው እስኪያልቅ ቆሜ ቆየሁ። እኔ እንኳን ቀኑን ሙሉ፣ ያን ያህሉን ስቆም ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። ይርጋለም ትደውላለች ወይ አልኳቸው። ፀደንያ ናት የደወለችው አሉኝ፤ እናቷ አዝና እንደነበር ሰምታ። ምን አለችዎ ብላቸው፣ በአማርኛ ደህና ነዎት ወይ አለችኝ አሉ። ሙሉውን ጥሪ በአማርኛ። ብዙ ተሳስታለች አሉ። አላረምኳትም አሉ።

ተቀያሪው መጣ። ወደ መኪናዬ ስንሄድ ግድግዳውን እየያዙ ነው የተራመዱት። ከፊት አስቀመጥኳቸውና ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥኩላቸው። ዱክ ስትሪት የመጀመሪያው መብራት ሳይደርስ አንቀላፉ። አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል፤ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው።

ቤታቸው ከዚያ ሩቅ አይደለም። ሕንፃቸው በር ደርሼ መኪናውን አቆምኩና አየኋቸው። ካነቃኋቸው ደረጃውን መውጣት አለ፣ በሩን መክፈት አለ፣ ለእትዬ ብሩክታይት ይቅርታ ማለት አለ። ማርሹን መልሼ አስገባሁና እየነዳሁ ወጣሁ። በቫን ዶርን ዞርኩ፤ በዱክ ስትሪት ተመለስኩ፤ እንደገና ዞርኩ። እኔ፣ ስማቸውን ስልኬ ላይ ሳይ የምደበቀው ሰውዬ።

እትዬ ብሩክታይት ደውለው የት ደረሳችሁ አሉኝ።

"ትራፊክ ነው" አልኳቸው፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

መንገዱ ባዶ ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ሆነልኝ፤ እኔ ግን ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት።